ፍሬ ያፈሩት ወንዴዎች

ጋሽ ብሩሽ ተሳስቶ አያውቅም ይባላል። ይህን የምትለው በዕፅዋት ምርምር ጣቢያው አለቃው የሆነችው ዶክተሯ ናት፤ እሱማ ስለ ራሱ ሁለት ቃል ለመናገር ላብ የሚያጠምቀው ሰው ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግሪን ሃውሱን፣ የመስታወት ቤቱን፣ ታስጎበኝና በመጨረሻ ወደ እሱ እየጠቆመች፣ «የዚህ ቤት መዝገብ እሳቸው ናቸው። በአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ካርድ አሳስተው አያውቁም» ትላለች። እንግዶቹ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። እሱ አንገቱን ደፍቶ የሌለ አቧራ ከጠረጴዛው ላይ ይጠርጋል። ያቺ ንግግር ለሳምንት ስንቅ ትሆነዋለች። ሌላ ስንቅ አልነበረውማ።

ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። የምርምር ጣቢያው በዚያ የመስታወት ቤት ውስጥ የሚያሳድገው አንድ የዱር አረም አለ፤ ቁመቱ ከጉልበት የማይደርስ፣ ቅጠሉ ሻካራ፣ አበባው ነጭ ሆኖ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ። መንገድ ዳር ቢበቅል ማንም ረግጦት ያልፋል። የሚለየው ግን ወንዴውና ሴቴው በየራሳቸው እግር መብቀላቸው ነው። አብዛኛው አበባ ወንድነትንም ሴትነትንም በአንድ ቤት ይዞ ይኖራል፤ ይህ አረም ግን ተለያይቷል። ንብ እንዳይገባ መስኮቱ ሁሉ በወንፊት የተሸፈነ ነውና፣ ከወንዴው ቢጫውን ዱቄት አንሥቶ ወደ ሴቴዋ የሚያደርሰው ጋሽ ብሩሽ ነው፤ በለስላሳ ብሩሽ፣ ትንፋሹን ውጦ። ማን ከማን እንደተዳቀለ ቀኑን ጭምር ይጽፋል።

«ዛሬ ስንት ዳሩ ጋሼ?» ይለዋል የግቢው ዘበኛ፣ ጋሽ ብሩሽ ማታ ከሥራ ሲወጣ።

«አሥራ አራት።»

«ከአሥራ አራቱ ሰርግ አንዱ ላይ እንኳ አልጠራም? ኧረ እርስዎስ መቼ ነው የሚዳሩት?»

ይህ ቀልድ አሥራ ስምንት ዓመት ተቀልዷል። ጋሽ ብሩሽ ሁልጊዜ ፈገግ ብሎ ያልፋል፤ አንዳንድ ቀን ፈገግታው እስከ አውቶብስ ማቆሚያው ድረስ ፊቱ ላይ እንደተረሳ ይቀራል። ሳያገባ ቀረ። ያልሆነለት ነገር ኖሮ አይደለም፤ ዛሬ ነገ ሲል ዕድሜው ሄደ፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ቤቱ አንድ ክፍልና አንዲት ጠባብ ማብሰያ ናት። እሑድ እሑድ ታላቅ እህቱ ከሩቅ ትደውላለች፤ ሌላ የሚደውል የለም። ስልኩ በሳምንቱ መካከል ከጮኸ የተሳሳተ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ። ጋሽ ብሩሽ ምሥጢር ነበረው።

የቤቱ ሕግ እንዲህ ነው። ችግኙ በተተከለ በሰባተኛው ሳምንት የመጀመሪያው አበባ ይፈነዳል። ጋሽ ብሩሽ በማጉያ መነጽር አይቶ ወንዴ ከሆነ ሰማያዊ ካርድ፣ ሴቴ ከሆነ ቢጫ ካርድ መትከያው ላይ ይሰካል። ካርድ ከተሰካ በኋላ ነገሩ አለቀ፤ ሰማያዊው ዱቄት ይሰጣል፣ ቢጫው ፍሬ ይይዛል። ሥራ በጀመረ በአራተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ውሃ ሲያጠጣ፣ ሰማያዊ ካርድ ከተሰካበት ተክል ላይ አንዲት አረንጓዴ ፍሬ ተንጠልጥላ አየ።

ልቡ ድንግጥ አለ። ወንዴ ፍሬ አይይዝም፤ ፍሬ ከያዘ ወንዴ አይደለም፤ ወንዴ ካልሆነ ካርዱን ያሳሳተው ማነው? እሱ ነዋ! ዶክተሯ ገና ባለፈው ሳምንት ነበር ለእንግዶች ያን ንግግሯን የተናገረችው። ዙሪያውን ተመለከተ፤ ማንም የለም። ተክሉን ከነሥሩ ነቀለው፤ ወስዶ የብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ጣለው፤ መዝገቡ ላይ «ደርቋል» ብሎ ጻፈ። ሌሎቹን አበቦች እንኳ ቀረብ ብሎ አላያቸውም። ማየት ማለት ስህተቱን በገዛ ዓይኑ ማረጋገጥ ሆኖ ታየው፤ ስለዚህ ፊቱን አዙሮ ነቀለ ቢባል ውሸት አይሆንም።

በአምስተኛው ዓመት ሌላ መጣ። በሰባተኛው ሌላ። ሦስት ሆኑ። ሦስቱም «ደርቋል» ተባሉ።

በዚያው በሰባተኛው ዓመት ነው እንግዲህ ዶክተሯ ነገሩን ሁሉ ያስረዳችው። ዝናብ መስታወቱን እየደበደበ ነበር፤ ሁለቱም ሥራ ፈተው በረጅሙ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ዶክተሯ ከእሱ በአሥራ አምስት ዓመት ብታንስም እንደ እኩያ የምታወራው እሱን ብቻ ነው። ሌላ ሰውም አልነበራት ይሆናል፤ ጋሽ ብሩሽ ይህን ጠይቆ አያውቅም።

«የዚህ አረም ቅድመ አያቶች» አለችው፣ «እንደ ሌላው አበባ ወንድም ሴትም ነበሩ። በኋላ አንዱ ላይ ዱቄት የሚሠራው ዘረ መል ተበላሸ፤ ሴቴ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሌላው ላይ ደግሞ ፍሬ መያዝን የሚያፍን ለውጥ መጣ፤ ወንዴ ብቻ ሆነ። ሁለቱም ለውጦች ያረፉት አንድ ጥንድ ክሮሞሶም ላይ ነው። ያኔ ጥንዱ እንደማንኛውም ጥንድ እኩያ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ሁለት ጸሐፊዎች ያስቡ ጋሼ። አንድ መዝገብ በሁለት ቅጂ ይይዛሉ። በየትውልዱ ቁጭ ብለው ያመሳክራሉ፤ አንዱ የሳተውን ከሌላው ያርማል። ወንድነትን የተሸከመው ግን፣ ዋይ የምንለው፣ የእሱ ነገር ከሌላው እንዳይደባለቅ ሲባል ማመሳከሩን አቆመ። ለብቻው ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ ይበሉት። ወንዴው አንድ ኤክስና አንድ ዋይ፣ ሴቴዎቹ ግን ሁለት ኤክስ አሏቸው፤ እነሱ አሁንም እርስ በርስ ይታረማሉ። ዋይ ግን ብቻውን ይጽፋል፤ ሲሳሳት የሚነግረው የለም። መጀመሪያ ቃል ይጎድላል፣ ቀጥሎ መስመር፣ ቀጥሎ ገጽ።»

ጋሽ ብሩሽን ክሮሞሶም ቢሆንም አሳዘነው።

«ምን ያህል ጎድሎበታል?»

«እሱን ነው የምንፈልገው። ብዙ ከጎደለበት አሮጌ ነው፤ ኤክስ ካልደገፈችው ሕይወት ማቆም አይችልም። ጥቂት ከጎደለበት ገና ወጣት ነው፤ ሁለት ዋይ ብቻ ይዞ የተወለደ ተክል እንኳ ያድጋል።»

«ሁለት ዋይ ያለው ከየት ይገኛል?»

«ወንዴ አንድ ቀን ስቶ ፍሬ ቢያፈራ፣ ከራሱ ዱቄት ቢይዝ፣ ከዚያ ፍሬ ዘሮች መካከል ሩቡ ሁለት ዋይ ይኖራቸው ነበር። ግን አያፈራም።» ፈገግ አለች። «ምስክሩ የእርስዎ መዝገብ ነው።»

አፉን ሊከፍት ቃጣ፤ ተወው። ምን ሊል ነው? «ሦስት አግኝቼ ነበር» ቢል፣ «ታዲያ የት አሉ?» ትለዋለች። «ካርድ አሳስቼ መስሎኝ ነቅዬ ጣልኳቸው፣ ደርቋል ብዬም ጻፍኩ» ሊል? ደግሞስ የእውነት የካርድ ስህተት ቢሆኑ? ስሙንም አጥቶ፣ ለሳይንሱም አንድ ጥቅም ሳያስገኝ ይቀራል። ስለዚህ ዝም አለ። ሰው አንዴ ዝም ካለ በኋላ መናገር እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በየዓመቱ ወለድ የሚወልድ ዝምታ ነው። ከዚያ ወዲህ ስምንት ነቀለ። ስምንቱንም ከበፊቱ በፈጠነ እጅ።

የማያልፍ የለም፤ አሥራ ስምንተኛው ዓመት ገባ። ጋሽ ብሩሽ በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ሊወጣ ነው፤ የመስታወት ቤቱም ሥራው አብቅቶ ሊፈርስ። ዶክተሯ የዕድሜ ልክ ድካሟን በአንድ ጽሑፍ ልታጠቃልል ቢሮዋ ውስጥ ተቀብራ ስለምትውል፣ ረድፎቹ መካከል የሚንጎራደደው እሱ ብቻ ሆነ። ሥራ ሲያጣ አሮጌ መዝገቦቹን ያገላብጥ ጀመር። አንድ ቀን እንዲሁ ሲያገላብጥ አንድ ሐሳብ እንደ እሾህ ወጋው።

ካርድ የሚያሳስት ሰው ወደ አንድ ወገን ብቻ አያሳስትም። እጁ ተሳስቶ ለሴቴ ሰማያዊ ከሰጠ፣ አንዳንዴም ለወንዴ ቢጫ መስጠት ነበረበት። አሥራ አንድ ጊዜ ሰማያዊ ካርድ ፍሬ ይዟል። ቢጫ ካርድ ይዞ ወንዴ ሆኖ የተገኘ ግን አንድም የለም። አንድም! ይህን ለማሰብ አሥራ አራት ዓመት ፈጀበት። ፍርሃት የገባበት ጭንቅላት እንዲህ ነው፤ ቀላሉን ሒሳብ ይረሳል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አሥራ ሁለተኛው መጣ፤ በሰማያዊ ካርድ ላይ አንዲት ፍሬ። አሁን አልነቀለም። ማጉያ መነጽሩን አምጥቶ ተንበረከከና አበቦቹን አንድ በአንድ አያቸው። ሁሉም ዱቄት የተሸከሙ ወንዴዎች ናቸው። ካርዱ ልክ ነው። ያቺ ፍሬ የያዘችው አበባ ብቻ ናት ከመንገድ የወጣችው። ፍሬዋ እስክትበስል ጠበቀ፤ ከዚያ በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታት። ዘበኛውን ሰላም ሲል አንድ እጁን ከኪሱ አላወጣም። በአሥራ ስምንት ዓመት ከግቢው ይዞት የወጣው የመጀመሪያው ነገር ነበር።

ለምን ያኔውኑ ለዶክተሯ አልነገራትም? ልክ ነው፣ መንገር ነበረበት። ነገር ግን መጀመሪያ እርግጠኛ ልሁን አለ፤ እርግጠኛ ሳይሆን ያን ሁሉ ጉድ ሊያፈነዳ አልደፈረም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሌላም ነገር ነበረ። ስትሰማ ፊቷ እንዴት እንደሚለወጥ ያስበዋል፤ ሲያስበው ያመዋል፤ ያን ቀን ለማራዘም ምክንያት አላጣም።

ከፍሬዋ ሃያ ስድስት ዘር ወጣ፤ ሃያ አራቱ በቀለ። ባዶ የእርጎ ኩባያዎችን ታቹን እየበሳ አፈር ሞላባቸው፤ መስኮቱ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ቁምሳጥኑ ላይ ደረደራቸው። ከሥራ ሲመለስ የሚጠብቀው ነገር መኖሩ ገረመው። በሩን ሲከፍት «እንዴት ዋላችሁ» ይላቸው ጀመር፤ አንድ ሁለት ጊዜ ጎረቤት ሰምቶት ይሆን ብሎ ደነገጠ።

«ድምፅህ ተለውጧል» አለችው እህቱ አንድ እሑድ። «ሰው አለ እንዴ እዚያ?»

«አይ እቴቴ፣ ሃያ አራት አረም አለ።»

«ሃያ አራት ምን?»

«አረም። በእርጎ ኩባያ።»

«አንተ ልጅ» አለች፣ «ሰው አረም ሲነቅል ነው የማውቀው። ተክሎ የሚንከባከብ ዛሬ አንተን ሰማሁ። በል ስትጨርስ እዚህ መጥተህ የእኔን ግቢ አረም ንቀል።» ሳቁ። ስልኩ ሲዘጋ ክፍሉ ከበፊቱ የባሰ ጭር አለበት።

በሰባተኛው ሳምንት ኩባያዎቹ አበቡ፤ አሥራ ሰባት ወንዴ፣ ሰባት ሴቴ። ከተራ እናት ቢወለዱ ግማሽ በግማሽ በሆኑ ነበር። ሆኖም አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ቁርጡን የሚያውቅበት መንገድ አንድ ነው፤ ሁለት ዋይ ያለው ወንዴ ልጆቹ በሙሉ ወንዴ ይሆናሉ፣ የሚያወርሰው ሌላ የለውምና። አምስት ወንዴ መረጠ፤ ከአምስት ሴቴዎች ጋር አዳቀላቸው፤ አበቦቹን አንድ በአንድ በስስ ወረቀት ከረጢት አሰረ። እንደገና ዘር፣ እንደገና ኩባያ፣ እንደገና ሰባት ሳምንት። አልጋው ሥር እንኳ ለጫማ ቦታ ጠፋ። አራቱ ቤተሰቦች ግማሽ በግማሽ ወጡ። አምስተኛው አርባ ችግኝ ነበረው። ወንዴ፣ ወንዴ፣ ወንዴ። ሠላሳ ሲያልፍ እጁ ቸኮለ፤ አርባ ወንዴ ብሎ ጽፎ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

ሁለት ዋይ ያለው አባት በእርጎ ኩባያ ውስጥ ለምለም ሆኖ ቆሟል። ስለዚህ ዋይ አሮጌ አይደለም፤ የጎደለበትም ጥቂት ነው። ይህን በዓለም ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ለማን እንደሚነግር አያውቅም። መጀመሪያ ደስ አለው፤ ልጅ የተወለደለት ያህል። ወዲያው ደስታው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። አሥራ አንዱም ካርድ ልክ ነበር። ተሳስቶ አያውቅም ሲባል እውነት ነበር። ያልሠራውን ስህተት ሲደብቅ ኖሮ፣ ለመደበቅ ሲል የሠራው ግን እውነተኛው ስህተት ሆነ። አለቀሰ። ዕድሜው ሃምሳ ዘጠኝ ነው፤ ቀን በስምንት ሰዓት፣ አርባ ኩባያ መካከል ተቀምጦ አለቀሰ።

ሐሙስ ዕለት ዶክተሯ ራሷ ወደ ግሪን ሃውሱ መጣች። እጇ ላይ ወረቀት ይዛለች፤ ፊቷ በርቷል።

«ጨረስኩት ጋሼ! ሰኞ ይላካል። ከመላኩ በፊት አንድ ቦታ ላንብብልዎት።» እንደ ልማዷ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠች። «‹በአሥራ ስምንት ዓመት ከተመዘገቡት ስድስት ሺህ አራት መቶ ወንዴዎች ውስጥ ፍሬ ያፈራ አንድም አልተገኘም። ይህም ዋይ ክሮሞሶም ለረጅም ዘመን ተነጥሎ የኖረ፣ ሴትነትን ጨርሶ ያጣ አሮጌ ክሮሞሶም መሆኑን ያመለክታል።› እዚህ ጋ ደግሞ የእርስዎ ስም አለ። ከእኔ ስም ቀጥሎ።»

ጋሽ ብሩሽ ብሩሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ስሜን ያውጡት ዶክተር።»

«ለምን? ትሕትናዎ በዛ እኮ…»

«ወንዴዎቹ አፍርተዋል።»

አልገባትም። ስለዚህ ነገራት፤ ከአራተኛው ዓመት ጠዋት ጀምሮ፣ ስለ ብስባሹ ጉድጓድ፣ «ደርቋል» ስለሚለው ቃል፣ ስለ መሐረቡ፣ ስለ አርባው ኩባያ። መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። ሲጨርስ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ከውጭ ወንፊቱ ላይ አንዲት ንብ ትጋጫለች።

«ስንት?» አለች ዶክተሯ።

«አሥራ አንድ። ከዘንድሮው ጋር አሥራ ሁለት።»

«የት የት እንደነበሩ ያስታውሳሉ?»

ያስታውሳል! ሌት ተቀን ሲቆጥራቸው የኖረ ሰው እንዴት ይረሳል? «ሁለተኛ ረድፍ፣ አሥራ ሰባት። አራተኛ ረድፍ፣ ስድስት…» እያለ ከነዓመታቸው ዘረዘረ። እሷ በጽሑፏ ጀርባ ላይ ጻፈች። ሲጨርስ እስክሪብቶዋን ሳታነሳ ጠበቀች።

«ስድስተኛ ረድፍ፣ ሠላሳ አንድስ?» አለችው።

ግራ ገባው። «እሱ ከእነሱ አይደለም። እናቴ ያረፈች ጊዜ ሦስት ሳምንት ቀርቼ ስመለስ መትከያው ባዶ ነበር። ደርቆ ነው።»

«አልደረቀም» አለች። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እርስዎ በሌሉበት እኔ ነበርኩ የማጠጣው። ሰማያዊ ካርድ ላይ ፍሬ አየሁ። ጋሼ በሐዘን ላይ ሆነው ካርድ አሳሳቱ አልኩ። ተመልሰው ሲያዩት እንዳያፍሩ ብዬ ነቀልኩት።»

ጋሽ ብሩሽ ቀና አለ።

«እርስዎስ» አለች፣ «ባዶውን መትከያ ሲያዩ ለምን አልጠየቁኝም?»

«ውሃ ረስተውበት መስሎኝ… ምን ብዬ ልጠይቅዎት? እንዳይሸማቀቁ ብዬ ነው።»

ተያዩ። ዶክተሯ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። መከባበር የሚሉት ነገር አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል። ሁለት ሰዎች አሥራ ስምንት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ አንዱ ለሌላው ሲሳሳ፣ አንዲት «ይቺ ነገር ምንድን ናት?» የምትል ጥያቄ ጠፍታ፣ ዕድሜያቸው አለቀ። አንድ ቀን ከሁለቱ አንዱ ደፈር ቢል ኖሮ ነገሩ ሁሉ በአምስተኛው ዓመት ታውቆ ነበር።

«አሥራ ሦስት» አለች በመጨረሻ ዓይኗን ጠርጋ።

«ይቆጡኝ እንጂ» አላት።

«እቆጣለሁ። ገና እቆጣለሁ፤ ዛሬ አቅም አጣሁ።» ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ስህተት ቢሆንስ ኖሮ ጋሼ? አንድ ካርድ ቢያሳስቱ ምን የማደርግዎት መስሎዎት ነው?»

ለእንግዶች ያን ንግግር እንዳይተዉት ፈርቼ ነው ብሎ እንዴት ይናገር? የማያፍር ቢሆን ኖሮ፣ «ከዚያች ንግግር በስተቀር ስለ እኔ ማንም ምንም ብሎ አያውቅም» ይላት ነበር። አላለም። እሷ ግን እንደሰማችው ሁሉ ለረጅም ጊዜ ፊቱን አየች።

«ተክሎቹ የት ናቸው?»

«ቤቴ።»

«እንሂድ።»

ወደዚያ ክፍል ከመብራት ቆጣሪ አንባቢው በስተቀር ሰው ገብቶ አያውቅም። ጋሽ ብሩሽ ከበሩ ላይ ሆኖ ስላልተነጠፈው አልጋ ይቅርታ ሲደረድር ዶክተሯ አልሰማችውም። በኩባያዎቹ መካከል ቆማ፣ እጆቿን አፏ ላይ ጭና፣ ዞር ዞር እያለች ታያለች። ከዚያ ማጉያ መነጽሯን አውጥታ የአምስተኛውን ቤተሰብ አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። እሱ ደብተሩን ይዞ ከኋላዋ ቆመ። ወንዴ፣ ትላለች፤ እሱ ምልክት ያደርጋል። ቁምሳጥኑ ላይ ጥግ ያለችው ኩባያ ጋ ስትደርስ ቆመች። መነጽሩን አስጠጋች፤ አራቀች፤ እንደገና አስጠጋች።

«ይሄ ገና አልፈነዳም።»

«እንዴት?»

«እምቡጥ ነው። ወንዴ ብለው ጽፈዋል።»

ተጠግቶ አየ። እውነቷን ነው። ሠላሳውን አልፎ እጁ የቸኮለ ጊዜ የመጨረሻዋን ሳያይ ጽፏል።

«ተሳስተዋል ጋሼ» አለች ዶክተሯ። ሳታለሳልስ፣ ሳትሸፋፍን፣ እንደ ተራ ነገር አለችው።

ምድር አልተከፈተችም። ጣሪያውም አልወደቀም። ጋሽ ብሩሽ የሆነ ነገር ከትከሻው ላይ ሲወርድ ተሰማው፤ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ያወቀው አሁን ነው። አርባ የሚለውን ሰርዞ ሠላሳ ዘጠኝ ወንዴ፣ አንድ ያልታወቀ ብሎ ጻፈ።

«ሴቴ ሆና ብትወጣ ሁሉም ነገር ይገለበጣል» አላት።

«ይገለበጣል። መቼ ነው የምትፈነዳው?»

«ነገ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ።»

ቦርሳዋን አንሥታ ወደ በሩ ሄደች፤ እዚያ ደርሳ ዞር አለች። «በሁለት ሰዓት እመጣለሁ። ብቻዎን እንዳያዩዋት።»

በማግሥቱ ጋሽ ብሩሽ አልጋውን አንጥፎ፣ ወለሉን ጠርጎ፣ ጢሙን ተላጭቶ ሲጨርስ ገና አንድ ሰዓት ነበር። ወንበሩን ከቁምሳጥኑ ፊት አዞረ፤ ጀርባውን ለኩባያዋ ሰጥቶ ተቀመጠ። ከኋላው ቅጠል ኮሽ ያለ በመሰለው ቁጥር አንገቱ ሊዞር ይልና ይመልሰዋል። በሩ ሲንኳኳ እንደዚያው ነበር፤ እምቡጧን አላያትም።